የአባቴ ኪልትና የወይዘሮ ማክኢንስ ምንጣፍ

እናቴ ከኪልቱ የውስጥ ጠርዝ አንድ ቀይ ክር መዝዛ በሁለት ጣቶቿ አንጠለጠለችውና ክብሪት ጫረችበት። ክሩ አልነደደም። ተኮማትሮ ቀለጠና ጫፉ ላይ የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል ጥቁር ጠብታ ቀረች። እናቴ እፍ ብላ አቀዘቀዘቻት፣ በጥፍሯ ነካካቻት፣ አሸተተቻት፤ ከዚያ ክሩን ወደ አባቴ አፍንጫ አስጠጋችው።

«ዋቲ፣ ሱፍ ሲቃጠል ምን ምን ይሸታል?»

«እንጃ፣ በግ በግ?»

«ፀጉር ፀጉር ነው የሚሸተው። ይኼስ?»

አባቴ ዓይኑን ጨፍኖ ማገው። የአውቶቡስ ሹፌር ስለሆነ ሽታውን ለመለየት ጊዜ አልፈጀበትም። «ቁልቁለት ላይ የተያዘ ፍሬን» አለ።

እኔ ያኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ከጠረጴዛው ማዶ ተቀምጬ ድንች እልጣለሁ። የተባለው ሁሉ ባይገባኝም የቤተሰባችን ክብር በዚያች ክር ላይ ተንጠልጥሎ እንደነበር ገብቶኛል። ታላቅ እህቴ ኤይልሳ በወሩ መጨረሻ ኬኔት ዳልግሊሽን ልታገባ ነው። የኬኔት እናት ወይዘሮ ዳልግሊሽ ደግሞ ሠርጉ ላይ የሚገኝ ወንድ ሁሉ ኪልት፣ ያን እስከ ጉልበት የሚደርስ የወንዶች ጉርድ፣ እንዲለብስ አዝዘዋል። ከተማችን አውከንብሬ የከሰል ጉድጓድ ከተማ ናት፤ ወንዶቻችን ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ የሚያውቁት ሱሪ ብቻ ነው። የዳልግሊሾች አያቶችም ቢሆኑ ባለ ሽንሽን ቀሚስ ደገኛ ከሩቅ ሲያዩ በራቸውን የሚቀረቅሩ ሰዎች ነበሩ። ግን ዘመኑ ተለውጧል። ፎቶግራፍ በቀለም መነሳት ተጀምሯል።

ወይዘሮ ዳልግሊሽ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ባለቤት ናቸው፤ ጣታቸው አያርፍም። በባላቸው ወንድም ቀብር ላይ የሬሳ ሳጥኑን ልብስ ጠርዝ ገልብጠው ስፌቱን አይተዋል ይባላል። ስለዚህ አባቴ ኤይልሳን በክንዱ ይዞ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ጉባኤው ሁሉ ሙሽራዋን ቢያይም፣ አንድ ጥንድ ዓይን የሚያየው የአባቴን የኋላ ሽንሽን እንደሆነ ቤታችን ውስጥ የማያውቅ አልነበረም።

ቀዩን ኪልት አባቴ የገዛው እኔን አስከትሎ ግላስጎው ሄዶ ነው። ሻጩ ቀጭን፣ በጣም አዛኝ ሰው ነበር።

«ስምዎ?» አለ።

«ፑርዲ።»

ሻጩ ክፉ በሽታ እንዳገኘ ሐኪም ከንፈሩን መጠጠ። «ፑርዲ ጎሳ የለውም። እያንዳንዱ ጎሳ የራሱ ባለ መስመር ጨርቅ አለው፤ ጎሳ ከሌለ ጨርቅ የለም። የእናትዎ አባትስ?»

«ጌመል።»

«እሱም የለውም። የእናትዎ እናት?»

«ትዊዲ።»

«ውይ! የእሷስ እናት?»

«እሷን እንኳ አላውቃትም።»

የሻጩ ፊት በራ። «እንግዲያው ከነገሥታቱ ጎሳ፣ ከስቱዋርት ልትሆን ትችላለች» አለና ወደ ቀዩ ክምር መራን። በዚያ ሳምንት ቅናሽ የተደረገበት ቀዩ ነበር።

አባቴ በመመለሻው አውቶቡስ ላይ ጥቅሉን ጭኑ ላይ አድርጎ «ሪና፣ ለካ የነገሥታት ዘር ነን» አለኝ። እኔ አመንኩት። እሱም በመጠኑ ያመነ ይመስለኛል።

እናቴ ግን ክሩን ካቃጠለች በኋላ ዘሩንም አብራ አቃጠለችው። ኪልቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ እንደታረደ ዶሮ ትበልተው ጀመር።

«ከታች ታጥፎ ተሰፍቷል። ኪልት ከታች የሚታጠፈው መቼ ነው? የጨርቁ ዳር ራሱ ነው መውረድ ያለበት፤ ልኩ የሚስተካከለው ከላይ ከወገቡ ነው። ሽንሽኑን ደግሞ እየው፤ ጨርቅ ሰስተው ጣት የማያስገባ አድርገውታል፤ ስትቀመጥ ተበትኖ ይቀራል። መስመሩንስ አየኸው? ከፊት አራት ማዕዘን ነው፤ ከኋላ የተሰበረ ብርጭቆ!»

«ከኋላ እኔ አላየውም» አለ አባቴ።

«አንተማ አታየውም። ሴትየዋ ናቸው የሚያዩት።»

ከእሳቱ ዳር አክስቴ ቲኒ ሹራቧን ሳታስቀምጥ «ወንድሜ በአገሩ ሰው ፊት የሻንጣ ሽፋን ለብሶ አይቆምም» አለች። አክስቴ ቲኒ የአባቴ ታላቅ እህት ናት፤ አላገባችም፤ የምንኖርበት ቤት የእሷ ነው፤ ዕድሜዋን ያሳለፈችው በሽመና ፋብሪካ ነው። ከራሷ በላይ ግድግዳው ላይ በተሰቀለ ሥዕል ካቶሊኮችን ድል ያደረገ አንድ የፕሮቴስታንት ንጉሥ በነጭ ፈረስ ወንዝ ይሻገራል። ፈረሱ ሁልጊዜ ወደ ታችኛው ሰፈር፣ ካቶሊኮቹ ወደሚኖሩበት እያየ ነው የሚመስለኝ።

«እመልሰዋለሁ» አለ አባቴ። «አዲስ ለማሰፋት ግን አቅሙ የለንም።»

«እግዚአብሔር ያውቃል» አለች እናቴ። እግዚአብሔርን የጠራችበት ድምፅ ግን አድራሻውን የምታውቅ ሰው ድምፅ ነበር። ያኔ አላስተዋልኩትም።

ስለ መንበርከክ የማውቀውን እዚህ ላይ መናገር አለብኝ፤ አለበለዚያ የቀረው አይገባም። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ሰው ተቀምጦ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ነው የሚጸልየው። አባቴ የዚያች ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው፤ የመባ ሳህን ይዞ ያዞራል። መንበርከክ የካቶሊኮች ነገር ነው። በእርግጥ ሴቶች ደረጃ ሲያጥቡ ይንበረከካሉ፤ አክስቴ ቲኒም ቅዳሜ ቅዳሜ ትንበረከካለች። ግን ያ ሥራ ነው፤ አጠገቧ ባልዲ አለ። በእኔ አእምሮ ሃይማኖትን ከሃይማኖት የሚለየው ባልዲው ነበር። ያለ ባልዲ የተንበረከከ ሰው፣ አክስቴ እንደምትለው፣ «ወይ የሚደብቀው አለው ወይ ሮም ገብቷል።»

ከዚያ ሳምንት በኋላ አባቴ ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት፣ ተራው ባልሆነበት ቀን፣ ኮፍያውን አድርጎ «ጋራዥ ደርሼ ልምጣ» እያለ መውጣት ጀመረ። አንድ ሐሙስ ሽንኩርት ልገዛ ስወርድ ከፊቴ አየሁት። ወደ ጋራዡ የሚያስገባውን መንገድ አለፈው። ድልድዩን ተሻገረ። የካቶሊኮቹን ቤተ ክርስቲያን አለፈ፤ ያን ጊዜ ልቤ ትንሽ መለስ አለልኝ። ግን ከቤተ ክርስቲያኑ ቀጥሎ ያለውን ቤት አንኳኩቶ፣ ወደ ግራ ወደ ቀኝ አይቶ ገባ። አባቴ አውቶቡስ እየነዳ እንኳ ያን ያህል ወደ ግራ ወደ ቀኝ አይቶ አያውቅም።

ክፍሉ ከመንገዱ ከፍ ያለ ነበር። አሸንዳው ላይ እግሬን አሳርፌ በመጋረጃው ክፍተት አየሁ። የመስኮቱ ደፍ የክፍሉን የታችኛውን ግማሽ ቆርጦብኛል፤ የሚታየኝ የላይኛው ብቻ ነው። ግድግዳው ላይ ልቡ ከደረቱ ውጭ የሚነድ የኢየሱስ ሥዕል አለ፤ ከሥዕሉ ሥር ቀይ መብራት በርቷል። አንዲት ጥቁር የለበሱ አጭር ሴትዮ ቆመዋል። ከአንገታቸው ግራና ቀኝ ነጭ ጥብጣብ ወርዷል፣ ልክ እንደ ቄስ። አባቴ መጣና ፊቱን ወደ ሥዕሉ አዙሮ ቆመ። ሴትዮዋ ከንፈራቸውን ሳይከፍቱ አንዳች ነገር አጉረመረሙ። አባቴም ቀስ ብሎ ወደ ታች ሄደ። ጭንቅላቱ ከሴትዮዋ ደረት እኩል ሆነ። ተንበረከከ።

እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ፣ ዓይኑን ወደ ሥዕሉ ሰቅሎ ዝም አለ። ሴትዮዋ እያጉረመረሙ ዞሩት። አንዴ ከኋላው፣ አንዴ ከጎኑ ዝቅ ይላሉ፤ በነጭ ድንጋይ ይነኩታል፤ እንደገና ያጉረመርማሉ። አባቴ እናቴን እንኳ እንደዚያ ታዝዟት አያውቅም።

ዛሬ ነጩ ጥብጣብ የልብስ ሰፊ ሜትር፣ ነጩ ድንጋይ ጠመኔ፣ ማጉረምረሙ በአፋቸው የያዙት ስፒል እንደነበር አውቃለሁ። ኪልት በቆመ ሰው ላይ አይለካም፤ ሰውየው ይንበረከካል፣ የኪልቱ ጠርዝ ወለሉን ለጥቂት ካልነካ ልኩ ነው። ወይዘሮ ማክኢንስ በስተምዕራብ ካሉት ደሴቶች የመጡ ባል የሞተባቸው ካቶሊክ ሴት ነበሩ፤ በእጃቸው ኪልት ይሰፋሉ፤ ዋጋቸው የሱቁን ግማሽ አይደርስም። ወደ እሳቸው የላከችው ደግሞ እናቴ ናት። አባቴ ሥዕሉን ለምን ያን ያህል እንዳየው በስተርጅናው ጠይቄዋለሁ። «ሌላ የሚታይ ነገር ስላልነበረ» አለኝ። ያኔ ግን የእኔ አባት፣ ሳህን የሚያዞረው ዋልተር ፑርዲ፣ ዓይኔ እያየ ካቶሊክ ሆነ።

ሽንኩርቱን ሳልገዛ ቤት ገባሁ። በእራት ሰዓት አባቴ ካልሲውን ሊጎትት ሱሪውን ሰብሰብ ሲያደርግ ጉልበቱ ላይ የምንጣፍ አበባ ታትሞ አየሁ። ሾርባዬን ወደ ጎን ገፋሁት።

«አክስቴ» አልኩ፣ «አንድ ሰው ካቶሊክ ቢሆን፣ ልጁን ይዞ ቤተ ክርስቲያናችን ገብቶ መዳር ይችላል?»

አክስቴ ቲኒ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «የትኛው ሰው?»

«ዝም ብሎ፣ ሰው።»

«ዝም ብሎ ሰው ከሆነ በቤተ ክርስቲያኑም በር፣ በእኔም በር አያልፍም። ልጁን ሌላ ሰው ይዟት ይገባል።»

አባቴ ትን አለው። እናቴ ከጠረጴዛው በታች ስትረግጠው አየሁ፤ እሷም ታውቃለች ማለት ነው! «ሪና፣ ሾርባሽን ጠጪ» አለችኝ። «ሰው በምግብ ላይ ስለ ሃይማኖት አያወራም።»

«በዚህ ቤት መቼ ሌላ ነገር ተወርቶ ያውቃል?» አለ አባቴ እያሳለ።

እናቴ ግን አልሳቀችም። ኤይልሳም አልሳቀችም፤ አንገቷን ደፍታ ቀለበቷን ታዞራለች። ኤይልሳን ይዟት የሚገባው ሌላ ሰው ማን ሊሆን እንደሚችል በሐሳቤ ስቆጥር የቀረን የእናቴ ወንድም ብቻ ነበር፤ እሱ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ቀጥ ብሎ መሄድ አይችልም። ስለዚህ አባቴን ከዚያ ቤት ማውጣት የእኔ ሥራ ሆነ። እንዴት እንደማወጣው ግን አላውቅም ነበር።

የሠርጉ ሳምንት ሐሙስ አክስቴ ቲኒ እኔን ይዛ ጫማዋን ልትቀበል ወጣች። ጫማ ሰሪው ወደ ላይኛው ሰፈር ተዛውሯል ብላ ነበር የወጣችው፤ ሱቁ በር ላይ የተለጠፈው ወረቀት ግን ወደ ታችኛው ሰፈር እንደሄደ ይናገራል። አክስቴ ወረቀቱን አየችው። ወደ ድልድዩ አየች። ካፖርቷን እስከ አንገቷ ቆለፈች። ዝናቡ ያካፋል።

«በዚህ በኩል ኩሬ አለ» አልኳት ድልድዩን እንደተሻገርን።

«ቦቲ አድርጌያለሁ።»

«በዚያኛው ብንሄድ ያጥራል።»

«በዚያኛው ከሄድን ወንዝ ውስጥ ነው የምንገባው። ምን ነካሽ አንቺ ልጅ? ሽንትሽ መጣ?»

«አዎ!» አልኩ። ያ ብቻ ነበር የቀረኝ።

«ያዢው» አለችና ቀጠለች። ከቤተ ክርስቲያኑ ቀጥሎ ካለው ቤት ስንደርስ እጇ እጄን ጨመቀው። የመስኮቱ ደፍ ላይ የአውቶቡስ ሹፌር ኮፍያ ተቀምጧል፤ በአገሩ እንደ አባቴ ጭንቅላት ትልቅ የለም፤ ኮፍያውም ኮፍያ አይደለም፣ ድስት ነው። አክስቴ ቲኒ በጫማዋ ጫፍ ተነስታ በመጋረጃው ክፍተት አየች። ለረጅም ጊዜ አየች። ከዚያ «አንቺ እዚሁ ቁሚ» አለችኝና ሳታንኳኳ ገባች።

አሸንዳው ላይ ወጣሁ። ለካውያው እንፋሎት ተብሎ መስኮቱ ከላይ ትንሽ ተከፍቷል፤ የሞቀ ሱፍና የእርጥብ ጨርቅ ሽታ ይወጣል። የአክስቴ ባርኔጣ በሩ ላይ ታየ።

«ዋልተር ፑርዲ! ተነስ ከዚያ!»

«እንዳይነሱ!» አሉ ወይዘሮ ማክኢንስ፣ ጥርሳቸውን ነክሰው።

«ተነስ ነው የምልህ!»

«ከተነሱ ልኩ ይጠፋል።»

የአባቴ ጭንቅላት ከፍ አለ፤ ዝቅ አለ፤ መሃል ላይ ቆመ። «ቲኒዬ፣ ስፒል ወግቶኛል።»

«የት?»

«ለእህት የማይነገር ቦታ።»

አክስቴ ቲኒ ሥዕሉን አየች፣ ቀይ መብራቱን አየች፣ ከዚያ ዓይኗ ወደ ታች ወደ አባቴ ጀርባ ወረደ። እዚያው ቀረ። አባቴን ልትጎትት የዘረጋችው እጅ ሳይጎትተው የሆነ ነገር ያዘ። በሁለት ጣቷ ስታሻሽ ትከሻዋ ሲንቀሳቀስ አየሁ።

«በእጅ የተሰፋ ነው?» አለች በመጨረሻ። ድምፅዋ የእሷ አይመስልም።

«እዚህ ቤት ማሽን የለም፣ ወይዘሪት ፑርዲ።»

«ሁሉም እጥፋት?»

«ሁሉም። መስመሩም ከእጥፋት እጥፋት አይሰበርም፤ ይመልከቱት።»

«ዓይን አለኝ። አይቼዋለሁ።» ትንሽ ቆይታ ደግሞ፦ «በግራ በኩል ወርዷል።»

«አልወረደም።»

«ወርዷል እላለሁ! ስንት ዘመን ጨርቅ የሠራሁ ሴትዮ ነኝ።»

«እርስዎ ጨርቅ ሠርተዋል፤ እኔ ኪልት እሠራለሁ። ከላይ ቆሞ ለሚያይ ሁሉም ነገር ወደ ግራ ያዘነበለ ይመስለዋል። ዓይንዎን ከወለሉ እኩል ያድርጉና ይንገሩኝ።»

አባቴ ከታች «ሴቶች፣ ጉልበቴ ደንዝዟል» አለ።

ከዚያ የአክስቴ ቲኒ ባርኔጣ መውረድ ጀመረ። መጀመሪያ ላባው ከሥዕሉ እግር ሥር ደረሰ፤ ከዚያ ከቀይ መብራቱ ሥር፤ ከዚያ የወንበሩን ጀርባ አለፈ። ዓይኔን አሽቼ ክፍሉን በሙሉ ፈለግሁ። ባልዲ የለም። ባርኔጣው ከመስኮቱ ደፍ በታች ገባና ጠፋ። ተከትለው ወይዘሮ ማክኢንስም ዝቅ አሉ። ክፍሉ ውስጥ ቆሞ የቀረው ሥዕሉ ብቻ ነበር።

ከወለሉ አካባቢ የአክስቴ ድምፅ ተሰማ፤ ቀስ ብሎ፣ እያንዳንዱ ቃል ጥርስ እንደሚነቀልበት ሰው፦ «ልክ ነዎት።»

አክስቴ ቲኒ ለቄሳችን እንኳ «ልክ ነዎት» ብላ አታውቅም። አለቀ አልኩ። አባቴ ገባ፤ እናቴ ታውቃለች፤ ፈረሰኛው ንጉሥ ሥር የምትቀመጠው አክስቴ ቲኒ ገባች። ከአሸንዳው ወረድኩ። ዝናቡ በርትቷል፤ መንገዱ ላይ ሰው የለም። ስለ ሮም የማውቀው ሩቅ መሆኗን ብቻ ነው፤ ግን ሁሉም ሰው ሲሄድ ብቻዬን መቅረት አልቻልኩም። ከመስኮቱ ሥር፣ ኩሬው ውስጥ፣ ተንበረከክሁ። ውሃው እንደ በረዶ ነበር። ካቶሊክ መሆን ይህን ያህል ይቀዘቅዛል ብሎ የነገረኝ አልነበረም።

በሩ ሲከፈት ጥያቄና መልሳቸው ቀድሟቸው ወጣ።

«የማን ጎሳ ነው ጨርቁ?» ትላለች አክስቴ።

«አዝዞ ሳይወስደው ካናዳ የገባ ሰው ጎሳ ነው። ቁመናው እንደ ወንድምዎ ነበር። ለዚህ ነው ዋጋው የቀለለላችሁ።»

«ሰው ቢጠይቅስ?»

«በእናት በኩል ነው ይበሉ። በእናት በኩል የመጣን ነገር የሚያጣራ የለም።»

አክስቴ ቲኒ በአፍንጫዋ አንድ ድምፅ አወጣች። ሳቅ ለመሆን ትንሽ ነው የቀረው። ከዚያ እኔን አየችኝ።

«የጌታ ያለህ! ምን ሆነሽ ነው?»

«እኔም እመጣለሁ» አልኩ ጥርሴ እየተንገጫገጨ።

«የት?»

«ሁላችሁም የሄዳችሁበት።»

አባቴና አክስቴ ተያዩ። አባቴ በብብቱ ትልቅ ጥቅል ይዟል፤ እንደ ሕፃን አቅፎታል። በአንድ እጁ ብድግ አድርጎ አቆመኝ። አክስቴ በመሐረቧ ጉልበቴን እያበሰች ጎንበስ ብላ «ስሚኝ፣ ሪና» አለች። «ዛሬ እዚህ ያየሽውን ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ። በተለይ ለወይዘሮ ዳልግሊሽ። በተለይ ለሴቶች ማኅበር።»

ወይዘሮ ዳልግሊሽ ኪልቱ ሌላ ሰው የተወው እንደሆነ እንዳይሰሙ፣ የቤተ ክርስቲያናችን የሴቶች ማኅበር ደግሞ አክስቴ የት እንደተንበረከከች እንዳይሰማ ነበር። እኔ ግን በነፍሴ ማልኩ። ምስጢሩን የያዝኩት እስከ አሥራ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። ያኔ ለጭፈራ ቡድን ኪልት አስፈለገኝና ወይዘሮ ማክኢንስ አበባማው ምንጣፍ ላይ አቁመው «ተንበርከኪ» አሉኝ። «አውቃለሁ፤ እኛ ቤት ሁሉም ከእርስዎ ጋር ነው» አልኳቸው በሹክሹክታ። ሲገባቸው ስፒሉን ከአፋቸው አውጥተው ወንበር ፈለጉ፤ እስኪያለቅሱ ሳቁ። እኔ ግን ከተንበረከክሁበት ሳልነሳ ትንሽ አዘንኩ። አምስት ዓመት ሙሉ የጀግኖች ቤተሰብ ነበርን።

ወደ ሠርጉ ቅዳሜ ልመለስ። አባቴ በቤተ ክርስቲያኑ በር ኤይልሳን ይዞ ሲቆም ጥቁር አረንጓዴው ኪልት ከጉልበቱ መሃል ላይ ቀጥ ብሎ ተቋርጧል፤ አንድ እርምጃ ሲራመድ ሽንሽኑ እንደ አኮርዲዮን ተከፍቶ ተመልሶ ገጠመ፤ መስመሩ ከኋላም እንደ ፊቱ ሙሉ ነበር። የአውቶቡስ ወንበር ያጎበጠው ጀርባው ጨርቁ ሲከብደው ቀጥ አለ። ኤይልሳ ቀና ብላ አየችውና ክንዱን አጥብቃ ያዘች።

ወይዘሮ ዳልግሊሽ ጓንታቸው ወደቀ። የወደቀው ልክ ከአባቴ ኋላ ነው። ጎንበስ ብለው ሲያነሱ ጊዜ ወሰዱ። እኔ ጉልበቱ ላይ የታተመውን አበባ የሚፈልጉ መሰለኝ። በአንድ ጣት ጠርዙን ቀስ አድርገው ገለበጡት፣ ወደ ብርሃኑ አዘነበሉት፣ ለቀቁት። ቀና ሲሉ ፊታቸው የደስታ አልነበረም።

«የእጅ ስፌት ነው» አሉ ለባላቸው።

አቶ ዳልግሊሽ «ታዲያ የእኛስ?» አሉ።

«ዝም በል» አሉ ወይዘሮ ዳልግሊሽ።

አቶ ዳልግሊሽ ዝም ብለው ሊቀመጡ ጎንበስ ሲሉ ቀዩ ኪልታቸው ከኋላ ተበተነ፤ ከታች ታጥፎ በማሽን የተሰፋው ጠርዝ ለመላው ጉባኤ ታየ። አክስቴ ቲኒ እናቴን በክርኗ ጎሸመቻት። በዚያ ቀን ከሙሽራዋ ቀጥሎ ደስ ያላት ሴት አክስቴ ነበረች፤ መዝሙሩን እንኳ ከሁሉም አንድ ቃል ቀድማ ትዘምር ነበር። ቄሱ «እንጸልይ» ሲል አባቴም እሷም እንደ ድሮው ተቀምጠው አንገታቸውን ደፉ። እንዴት አድርገው ነው የሚደብቁት! በልቤ አደነቅኋቸው።

ሙሽሮቹ ሄደው፣ እንግዳው ተበትኖ፣ አባቴ ሱሪውን ለብሶ እፎይ ካለ በኋላ አክስቴ ቲኒ ወደ ክፍሏ ጠራችኝ። በእኛ አገር በበጋ ቶሎ አይጨልምም፤ ብርሃኑ ገና እንደ ቀን ነበር። ኪልቱን አልጋዋ ላይ ዘርግታዋለች። የአልጋውን ጠርዝ ይዛ፣ እያቃሰተች፣ ከጎኑ ተንበረከከች፤ አንዱን እጥፋት በሌላው ላይ በመዳፏ እያስተኛች በርዝመቱ ትጠቀልለው ጀመር።

ሄጄ በሩን ዘጋሁ። መስኮቱ ጋ ሄጄ መጋረጃውን ሳብኩት።

«ምን ታደርጊያለሽ? ገና ብርሃን ነው እኮ።»

«ሰው እንዳያይሽ» አልኳት።

እጇ ጨርቁ ላይ ቆመ። ወደ መጋረጃው አየች፣ ወደ ጉልበቷ አየች፣ ወደ እኔ አየች። ያን ጊዜ ሁሉም ነገር የገባት ይመስለኛል። ልታስረዳኝ ትችል ነበር፤ በሁለት አረፍተ ነገር የሚያልቅ ነገር ነው። ልትቆጣኝም ትችል ነበር። አክስቴ ቲኒ ግን ከተንበረከከችበት አልተነሳችም።

«ጎበዝ» አለች ቀስ ብላ። «በይ እንግዲህ ያዢልኝ።»

እጥፋቱ እንዳይበተን ከመሳቢያዋ አንድ አሮጌ ስቶኪንግ አወጣች። እኔ አፉን በሁለት እጄ ለጥጬ ያዝኩ፤ እሷ የተጠቀለለውን ኪልት ቀስ እያለች አስገባችው፣ እስከ እግር ጣቱ አወረደችው፣ አፉን ቋጠረችው። ወንበር ላይ ወጥቼ ቁም ሳጥኑ ላይ አስቀመጥኩት።